የሥነ ሕይወት ክበብ፦ ሰባት ዶቃ በአንድ ክር

ጥያቄው የተነሳው ጥቅምት ላይ፣ በክበባችን ሁለተኛ ስብሰባ ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል አባላችን እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ልጅ ሳለሁ የማጅራት ገትር ክትባት ተከትቤያለሁ። ታዲያ አሁንም ሊይዝሽ ይችላል የሚሉኝ ለምንድን ነው?» አለች። ለዓመቱ ያቀድነው የጓሮ አትክልት ነበር፤ ጎመኑንም ተክለን በልተናል። ዓመቱን የያዘው ግን ይኸው ጥያቄ ነው።

«ማጅራት ገትር» የሚለው ስም ምልክቱን እንጂ አምጪውን አይነግረንም። አምጪው ብዙ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በበጋ ወረርሽኝ ሲነሳ ግን ብዙውን ጊዜ ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ላዩን የስኳር ሽፋን ለብሷል፤ በሽፋኑም በ12 ዓይነት ይከፈላል። አብዛኛውን ሕመም የሚያመጡት ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ደብሊው፣ ኤክስ እና ዋይ ናቸው። ብዙዎቹ ክትባቶች ሰውነታችን ይህንን ሽፋን እንዲለይ ያስተምሩታል። ተማሪያችን ያገኘችው፣ በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ የተሰጠው ክትባት፣ የሚከላከለው ኤ የተባለውን ዓይነት ብቻ ነው። በኤ ላይ የሠራው ሥራ ታላቅ ነው፤ ሌሎቹን ግን አያውቃቸውም።

ይህን በቃል ስናገር ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። ከገበያ ዶቃ ገዛን።

ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረ ዘዴ የባክቴሪያውን ሰባት ጂኖች፣ ማለትም የዘር መረጃ የያዙ ክፍሎቹን፣ እያነበቡ ለእያንዳንዱ ልዩነት ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥሮቹ አንድ ላይ የዘር ሐረጉን ያሳያሉ። እኛም ሰባት ዶቃ በአንድ ክር ሰካን፤ ለሽፋኑ ክሩ ጫፍ ላይ ቁራጭ ጨርቅ አሰርን። ዶቃቸው አንድ፣ ጨርቃቸው ቀይና አረንጓዴ የሆኑ ሁለት ክሮች አንስቼ «ዘመድ ናቸው?» አልኩ። አብዛኞቹ «አይደሉም» አሉ። ከኮምቦልቻ የሚመላለሰው አባላችን ግን ተነሳ፦ «እኔ ጠዋት ከቤት በሸሚዝ እወጣለሁ፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስገባ ጃኬት እደርባለሁ። እኔ ግን ያው ነኝ።» ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ሜኒንጎኮከስ ከሞቱ ጎረቤቶቹ የፈሰሰ ዲኤንኤ፣ ማለትም ጂኖቹ የተጻፉበትን ሞለኪውል፣ ስቦ ከራሱ ጋር ያዋህዳል። ሁለት ዓይነቶች በአንድ ሰው ጉሮሮ ከተገናኙ የሽፋን ጂን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰሜን ምዕራብ ናይጄሪያ የታየው፣ በ2015 ደግሞ ኒጀርን ያጠቃው አዲስ የሲ ዝርያ የተወለደው እንዲህ ነው፦ ሽፋን ያልነበረው ባክቴሪያ የሲን ሽፋን ጂኖች ወሰደ።

«በግምት ከ10 ሰው 1 ያህሉ ሳይታመም ይዞት ይኖራል» ያልኩ ቀን ልጆቹ ጎን ለጎን ተያዩ። ትምህርቱን አቆምኩ። ተሸካሚነት ነውር እንዳልሆነ፣ አብዛኛው ተሸካሚ ፈጽሞ እንደማይታመም ደጋግሜ ነገርኳቸው። ቀስ እያሉ ተረጋጉ። በማግስቱ፣ በዚያ በደሴ የጥር ብርድ፣ አየር እንዲዘዋወር የክፍላቸውን መስኮቶች ከፍተው ጋቢና ጃኬት ደርበው ሲማሩ አገኘኋቸው። ማንም አላዘዛቸውም።

ላቦራቶሪ ለመጎብኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም። ለከርሚ አምስቱን ዓይነቶች፣ ማለትም ኤ፣ ሲ፣ ደብሊው፣ ዋይና ኤክስን፣ በአንድ መርፌ የሚከላከለውንና ናይጄሪያ በ2016 ዓ.ም. መስጠት የጀመረችውን ክትባት እናጠናለን።

ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ክሮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። አንዲት እናት ጨርቆቹን እየዳሰሱ ቆዩና፣ «በሽታው ሲመጣ የትኛውን ለብሶ እንደመጣ በምን ይታወቃል ልጄ?» ብለው ጠየቁ። የመለሰችላቸው ያቺው የጥቅምቷ ጠያቂ ናት፦ «ከታማሚው ወገብ ፈሳሽ ተወስዶ ሲመረመር ነው፣ እማማ። ስለዚህ ትኩሳትና የራስ ምታት ድንገት ሲነሳ፣ አንገት አልታጠፍ ሲል፣ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።»