ምርኩዝ በግራ እጅ

ሰላም ቀውላላዋ፣

ይሄን ስታዪ «ይቺ ደግሞ ዛሬ ምን ፈልጋ ነው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ የፈለግሁት ነገር አለ። ግን መጀመሪያ ይቅርታ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ያሳፍራል። በዓል በመጣ ቁጥር «ዛሬስ እደውልላታለሁ» እላለሁ፣ ከዛ ይሄን ያህል ጠፍቼ ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ አሳድረዋለሁ፣ ሲያድር ደግሞ ይብሳል። ስለ ባጃጁ ነገር ግን አሁንም ጥፋቱ ያንቺ ነው። እሱን በአካል ስንገናኝ እንጣላበታለን።

የእማዬ ጉልበት ነው ያስጻፈኝ።

የቀኙ። ያኔም «ቆረጠመኝ» ትል ነበር፣ እኛም ቅባት ቀብተን እንረሳው ነበር። አሁን ጠዋት ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ትንሽ ሳትቆም አትራመድም። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ አስተኝተው ራጅ አነሷት፣ «እድሜ ነው» አሉን፣ ማስታገሻ ሰጡን፣ በቃ። እኔም አምኜ ተመለስኩ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልተናገርኩም። ከጊዮርጊስ ስንመለስ በሐይቁ ዳር፣ በዘንባባዎቹ ስር እንሄዳለን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቀኝ እግሯ መሬት በነካ ቁጥር መላ ሰውነቷን ወደ ቀኝ ጣል ታደርገዋለች። ዘመም፣ ቀና፣ ዘመም፣ ቀና፣ ልክ ማዕበል ላይ እንዳለች ታንኳ። እኔ ታዲያ «እማዬ ቀጥ ብለሽ ሂጂ እንጂ፣ ሰው ያያል!» እላታለሁ። ሰው ያያል! እሷ ምን ታደርግ፣ እኔን ለማስደሰት ቀጥ ለማለት ትታገላለች። የኛ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ ስንደርስ ግንባሯ በላብ ይረጥባል። አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚህ አደረግኋት።

ባለፈው ወር ፊዚዮቴራፒ ወሰድኳት። ያየን ልጅ ገና ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀለም፣ «ይሄ ነው የሚያክማት?» ብዬ ነበር በልቤ። ጉልበቷን ሳይነካ በፊት ኮሪደሩ ላይ «እማማ፣ እስቲ ይሂዱ… አሁን ይመለሱ» አላት። ከፊት አያት፣ ከኋላ አያት፣ ቁጢጥ ብሎም አያት። ከዛ ጫማዋን አስወልቆ ገለበጠውና ለኔ አሳየኝ። የቀኙ ሶል ተረከዙ ላይ በውጭ በኩል ሙልጭ ብሎ አልቋል፣ የውስጡ ግን ጥርሱ ገና አለ። ያንን ጫማ ስንት ጊዜ ወልውዬዋለሁ መሰለሽ! ራጁንም እንደገና ቆማ አስነሳት። ክብደቷ ሲያርፍበት በጉልበቷ ውስጠኛ በኩል ያለው ክፍተት ጠፍቶ አጥንት ከአጥንት ሊነካካ ምንም አልቀረውም፣ በውጭ በኩል ግን ክፍት ነው። ተኝታ በተነሳችው ላይ ይሄ እንዲህ ጎልቶ አይታይም።

እንደገባኝ ልንገርሽ፣ አንቺ እንደሁ ሁሌም ነገሩን ከሥሩ ካላወቅሽ አይጥምሽም። ስንራመድ መሬቱም እግራችንን መልሶ ይገፋዋል፣ ያ ግፊት ደግሞ የሚያልፈው ከጉልበታችን መሀል ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስለዚህ እግሩ ቀጥ ያለ ሰው እንኳ ሲራመድ ጉልበቱ ላይ ከሚያርፈው ሸክም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን የሚሸከመው የውስጠኛው በኩል ነው። የእማዬ እግር ደግሞ ሸፈፍ ብሏል፣ ጉልበቷ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ወጥቷል። ያኔ ሸክሙ ይባስ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ የውስጡ ልስልስ አጥንት ይሳሳል፣ እሱ ሲሳሳ እግሩ ይበልጥ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ደግሞ ሸክሙ ይጨምራል። እግሯ መሬት ሲነካ ጉልበቷ ወደ ውጭ ፈንገጥ ይላል። አንዴ ካየሁት በኋላ ከዓይኔ አልወጣ ብሎኛል። ገበያ ውስጥ የሰው እግር እያየሁ ሰው እገፋለሁ።

እና ያ መዝመሟስ አትዪም? ለካ የሰውነቷ ብልሃት ነው። ከወገቧ በላይ ያለውን ሰውነቷን ወደታመመው እግር ስትጥል ከውስጠኛው በኩል ሸክሙ ቀለል ይላል። ማንም አላስተማራትም፣ ሥቃዩ ነው ያስተማራት። እኔ ደግሞ «ሰው ያያል» እያልኩ ያቺኑ ማረፊያዋን ስነሳት ከረምኩ። ልጁ ይሄን ሲለኝ የት ልግባ። ዝም ብዬ የጫማዋን ክር አሰርኩላት። ክር የለውም እኮ ጫማው፣ ብቻ ጎንበስ አልኩ።

እሱ ግን መዝመሙም ቢሆን ውሎ አድሮ ወገብ ይጎዳል፣ ምርኩዝ ይሻላል አለ። ቁመቱ እጇን ዝቅ አድርጋ ስትቆም እስከ አንጓዋ የሚደርስ። ደግሞም በግራ እጅ! ከታመመው እግር በተቃራኒ፣ ከቀኝ እግሯ ጋር እኩል መሬት የሚነካ። እሷ እስከዛሬ የአባቷን መቋሚያ በቀኝ ይዛ ነበር የምትሄደው፣ ደረቷ ድረስ የሚደርሰውን። ምርኩዙን ስገዛላት ምን አለች መሰለሽ፤ «በግራ እጅ? እንዴት ያለ ግራ የገባው ነገር ነው!» እኔ እያየኋት በግራ ትይዘዋለች፣ ማዕዘኑን ስትዞር ወደ ቀኝ ታዛውረዋለች። ተደብቄ ደርሼባታለሁ።

ክብደትም ቀንሺ ተብላለች። 81 ኪሎ ናት። አንድ ኪሎ ከቀነሰች በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቷ ላይ ወደ አራት ኪሎ ሸክም ይቀንሳል። ይሄን ስነግራት «እኔ የምጾመው ለእግዜር ነው እንጂ ለጉልበቴ አይደለም» ብላ ዘጋችኝ። የጭን ስፖርቷን ግን ወዳዋለች። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ዘርግታ አየር ላይ ትይዛለች። ቡና እየቆላችም ታደርገዋለች፣ ምጣዱን እንዳትደፋው እኔ ነኝ የምሳቀቀው።

ጭንቀቴ ምን መሰለሽ፣ ለየካቲት 16 ዘጌ ካልሄድኩ ብላለች። ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ስለቷ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጀልባው ምንም አይደል። ከወደቡ ወደ ላይ ያለው የጫካ መንገድ ግን ድንጋይ በድንጋይ ነው። ዳገቱን እንኳ አልፈራም፣ ቁልቁለቱን ነው የምፈራው፣ ጉልበት የሚብሰው ሲወርዱ ነው። ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ ደግሞ መጀመሪያ ምርኩዙና የታመመው እግር። ይሄን መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። እኔን አትሰማም። አንድ ዓመት ሙሉ ቀጥ በዪ ያልኳት ልጅ ዛሬ ደግሞ ምርኩዝሽን በግራ ያዢ ብላት ለምን ትሰማኛለች?

አንቺን ግን ትሰማለች። ሁሌም ከኔ ይልቅ ትሰማሽ ነበር፣ ያናድደኛል፣ ግን እውነት ነው። ስለዚህ… ይከብደኛል እንጂ ከጠፋሁ በኋላ እንዲህ ብዬ መምጣት… ትደውዪላት? ቅዳሜ ወደ አራት ሰዓት ላይ፣ ቡናው ሲፈላ። መጀመሪያ ስለ ልጆችሽ አውሪያት፣ ወዲያው ወደ ጉልበቱ እንዳትገቢ፣ ትነቃለች። በመሀል «እማዬ፣ ምርኩዝ በየትኛው እጅ ነው የያዝሽው?» በያት። እኔ እንደጻፍኩልሽ አትንገሪያት። እኔ ኩሽና ሆኜ አዳምጣለሁ።

ከሷ ጋር ስትጨርሺ ስልኩን ለኔ እንድታቀብለኝ ንገሪያት፣ ከፈለግሽ።