የሥዕል ክፍለ ጊዜው ለልጆቹ ይመለስላቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

ልጄ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የምትማረውም በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በሳምንት አንዴ የነበራት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ፈተና ሲቃረብ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ተሰጠ። «ለጥቂት ሳምንት ነው» ተባልን። ፈተናው አለፈ፣ ክፍለ ጊዜው ግን በዚያው ቀረ። ደብተሯ ጀርባ ላይ የለጠፈችው ፕሮግራም ዛሬም «ሥዕል» ይላል።

ጥቂት ወላጆች ተሰባስበን አቤት ለማለት ሄድን። የያዝነው መከራከሪያ ሥዕልና ሙዚቃ የሒሳብ ውጤት ያሳድጋሉ የሚል ነበር። ይህን ካልን ጆሮ የምናገኝ መስሎን ነው። ርዕሰ መምህሩ በጥሞና ሰሙንና «የሚፈለገው የሒሳብ ውጤት ከሆነ ታዲያ ሒሳቡን ብናስተምራቸው አይሻልም?» አሉን። መልስ አጣን። እውነታቸውን ነበር።

ቤቴ ገብቼ ሳገላብጥ ነገሩ የባሰ ሆኖ አገኘሁት። የሞዛርትን ሙዚቃ መስማት አእምሮን ስል ያደርጋል የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1993 በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ከተደረገ ሙከራ የመጣ ነው። ያኔ የታየው ለውጥ ከሩብ ሰዓት ያለፈ ዕድሜ አልነበረውም፤ የተለካውም የሕፃናት የትምህርት ውጤት አልነበረም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናትም ሥነ ጥበብ ለሌሎች ትምህርቶች ያስገኛል የሚባለው ጥቅም ማስረጃው ውስን መሆኑን ገልጾ፣ ሥነ ጥበብን የማስተማር ዋናው ምክንያት ራሱ ሥነ ጥበቡ ነው ብሏል። እኛ ግን የልጆቻችንን ትምህርት የሒሳብ አሽከር አድርገን ነበር ልናስመልስ የሄድነው።

ክፍለ ጊዜው ሳይወሰድ አንድ ቀን ገብቼ አይቻለሁ። መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኩባያ አስቀመጡና «ሳሉት» አሉ። ከልጆቹ አብዛኞቹ አፉን ድቡልቡል፣ ታቹን ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ አድርገው ሣሉት። ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ደልደል ብሎ እንደሚቀመጥ ያውቃሉዋ! መምህሩ አልተቆጡም፣ «ስሕተት ነው»ም አላሉም። ኩባያውን አንስተው በልጆቹ ዓይን ትክክል ያዙት፤ አፉ ቀጭን መስመር ሆነ። ቀስ እያሉ ዝቅ ሲያደርጉት አፉ እየተከፈተ ሄደ፤ ታቹም አብሮ ጎበጠ። «የምታውቁትን ሳይሆን የምታዩትን ሳሉ» አሉ። ልጄ ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ሦስት ጊዜ አጥፍታ እንደገና ሣለችው። ደወሉ ሲደወል ኩባያው ገና አላለቀም ነበር፤ እሷ ግን ማታ እራት ላይ ብርጭቆዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ታይ ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ «አውቀዋለሁ ያልሽውን ነገር እስቲ እንደገና እዪው» ያለኝ ሰው አላስታውስም።

ይህን የመሰለ ነገር በፈተና ወረቀት አይለካም። ፈጽሞ አይለካም ማለቴ ግን አይደለም። በአሜሪካ ሂዩስተን ከተማ 42 ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ ተጨማሪ የሥነ ጥበብ ትምህርት የሚያገኙት ትምህርት ቤቶች በዕጣ ተለይተው ከአሥር ሺሕ በላይ ተማሪዎች ተጠንተው ነበር። በሒሳብ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የዲሲፕሊን ጥፋት ግን ቀነሰ፣ የጽሑፍ ችሎታቸው ተሻሻለ፣ ለሌላው ሰው ማዘናቸውም ጨመረ። ለእኔ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ደግሞ ክፍለ ጊዜው ሲታጠፍ የሁሉም ልጅ አይደለም የሚታጠፈው። አቅም ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ቀጥሮ ፒያኖም ሥዕልም ያስተምራል። የቀረው ልጅ ብሩሽ የሚይዘው፣ ከጓደኞቹ ጋር በኅብረት የሚዘምረው ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ልጆች በኪነ ጥበብ ሕይወት የመሳተፍ መብት አላቸው ሲል «ወላጁ መክፈል የሚችል» የሚል ቃል አልጨመረም።

አሁን የያዝነው መንገድ ሌላ ነው። ሥዕልና ሙዚቃ በተጻፈባቸው ሰዓታት ምን እንደተማሩ በየሳምንቱ ልጆቻችንን እየጠየቅን እንመዘግባለን። በሁለተኛው ስብሰባ ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጥ፣ ስለ ሥነ ጥበብ ጥቅም መከራከሩ ቀርቶ ስለ ክፍለ ጊዜው መነጋገር ተጀመረ። የምንጠይቀውም የሚቆጠር ነገር ነው፦ ክፍለ ጊዜው ፈተና ቢኖርም ባይኖርም አይነካ፤ የሚያስተምረው ደግሞ ክፍለ ጊዜ ያነሰው መምህር ሁሉ ሳይሆን ለሙያው የሠለጠነ ሰው ይሁን። ቁሳቁስ የለም የሚለውን ምክንያት አልቀበለውም። ለዝማሬ ከድምፅ በቀር ምን ያስፈልጋል? የዚያን ቀን ልጆቹ የሣሉትም ያገለገለ ወረቀት ጀርባ ላይ ነበር።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ጋዜጣችሁ በየዓመቱ የፈተና ውጤት ያወጣል። አንድ ቀን ደግሞ ጋዜጠኛ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ላኩና፣ ፕሮግራሙ «ሥዕል» በሚልበት ሰዓት ክፍል ውስጥ የሚካሄደውን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ተማሪ እናት