ሲጋራ በስቲም አይወጣም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በጤና አምዳችሁ ስለ ስቲምና ሳውና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሙቀት ደም ሥርን ያፍታታል ማለታችሁ ልክ ነው። «አጫሾች መርዙን በላብ ያስወጡታል» የምትለዋ አረፍተ ነገር ግን መታረም አለባት። እዚህ ባሕር ዳር ይህን የሚያምን ሰው ሞልቷል። ነርስ ነኝ፤ ግፊት ስለካ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ስቲም እገባለሁ፣ ሁሉም ጥርግ ብሎ ይወጣልኛል» የሚሉኝ አጫሾች ጥቂት አይደሉም።

ጤነኛ ደም ቅዳ፣ ማለትም ደምን ከልብ የሚወስድ ደም ሥር፣ ይለጠጣል። ልብ ደም በረጨ ቁጥር ሰፋ ይልና መልሶ ይሰበሰባል። ግድግዳው ደርቆ ሲጠጥር ግን መለጠጡ ይቀንሳል፣ ልብም ከወትሮው በላይ ይለፋል። ድርቀቱ የሚለካው የልብ ምት የሚፈጥረው ሞገድ ከአንገት እስከ ብሽሽት በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ በማየት ነው። በሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ከሆነ ያሳስባል።

ሰውነት ሲሞቅ ደም ወደ ቆዳ ይጎርፋል። የደም ቅዳው ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፣ እሱም የግድግዳውን ጡንቻ ያላላል። ሲጋራ የሚጎዳው ይህንኑ ሽፋን ነው! ስለዚህ የሚያጨስና የማያጨስ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል ቢያልቡም፣ ደም ሥራቸው ለሙቀቱ እኩል ይመልሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ላብ ደግሞ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ዓመታት ያደረሱትን ጉዳት አጥቦ አይሄድም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የፊንላንድ ጥናት 2,315 ወንዶችን ለ20 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። ሳውና የሚያዘወትሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። ደስ የሚል ውጤት ነው። ሆኖም ጥናቱ የሰዎችን ልማድ ተከታተለ እንጂ ሳውና የሲጋራን ጉዳት ይሽራል አላለም። የእነሱ ሳውና ደረቅ ነው፤ የእኛ ስቲም እርጥብ ስለሆነ ላቡ በቀላሉ አይተንም፣ ሰውነትም በላብ መቀዝቀዝ ይቸግረዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከስቲም ወጥቶ ማረፊያው ላይ ሲጋራ መለኮስ ነው። በዚያ ሰዓት ልብ በኃይል እየመታ ነው፣ ውሃ ከሰውነት ወጥቷል፣ ግፊት ወርዷል። ኒኮቲን ደግሞ ደም ሥሩን መልሶ ያጠብባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በዚያ ላይ ጫት የተቃመ ከሆነ፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት፣ ልብ ላይ የሚወድቀውን ጫና አስቡት። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ለምትወርዱ አጫሾችም ነገሩ ያው ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚጠቀምበት ቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ታዲያ መተርኮሻው በስቲም ቤት ማረፊያ ምን ይሠራል? ባለቤቶቹ እሱን አንስተው የመጠጥ ውሃ ቢያስቀምጡ፣ በር ላይም የግፊት መለኪያ ቢኖር ብዙ ሰው ይተርፋል።

እናንተም እርማቱን በዚያው አምድ አውጡልን። ማጨስ ያቆመ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሲጋራው የጨመረበት የልብ ሕመም ስጋት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስለትም አብራችሁ ጻፉ። ስቲም ቤት ሲመላለሱ የሚፈልጉት እሱን ነውና።

አንዲት ነርስ
ከባሕር ዳር