የአፍዴራ ዓሣ በድሬዳዋ በርሜል ውስጥ አይኖርም

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ ወባና የትንኝ እጭ ስለሚበላው «ትንኝ በል ዓሣ» ያወጣችሁት፣ በአፋር የሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ ዓሣ በከተማችን በደቻቱ ወንዝና በውኃ በርሜሎች ውስጥ ይለቀቅ የሚለው ዘገባ ድሬዳዋን ርዕሱ ላይ ሰቅሎ ከድሬዳዋ አንድም ሰው አላናገረም። እርሱን እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ፎቶው ይታረም። ከሥሩ «የአፍዴራ ሐይቅ ዓሣ» የተባለው የአፍዴራ አይደለም፤ ጋምቡዚያ ነው፣ ትውልዱ አሜሪካ። ከሆዱ ሥር ወደ ኋላ የተዘረጋውን ቀጭን ዘንግ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የወንድ ጋምቡዚያ ክንፍ ነው፤ ሴቷን የሚያስረግዘው በእርሱ ነው፣ እርሷም ጫጩቶቿን በሕይወት ትወልዳለች። የአፍዴራው ዓሣ እንቁላል ይጥላል፤ ወንዱም እንዲህ ያለ ዘንግ የለውም።

የአፍዴራው ዓሣ አፋኒየስ ስቲያስኒኤ ይባላል። ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2001 የገለጹት ተመራማሪዎቹ አበበ ጌታሁንና ኬኔት ላዛራ ናቸው። መኖሪያው ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ ፍል ውኃ የሚመግበው ያ ጨዋማ ሐይቅ ነው፤ ሌላ ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው ጥናት በቀይ ባሕር ወደብ አሰብ ላይ ለትንኝ እጭ የተሞከረው ግን ዘመዱ አፋኒየስ ዲስፓር ነው፤ እርሱ በቀይ ባሕር ዳርቻዎች በሰፊው ይገኛል። ዘጋቢያችሁ የአሰቡን ውጤት ለአፍዴራው ሰጠ፣ በላዩ ላይ የአሜሪካውን ፎቶ ለጠፈ። ሦስት ዓሣ በአንድ ስም!

ይህ ተራ ስህተት አይደለም። ፎቶውን ይዞ ዓሣ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ጋምቡዚያ ይዞ ይመጣል። ጋምቡዚያ የሌላውን ዓሣ እንቁላልና ጫጩት ይበላል፣ የትልልቆቹን ክንፍ ይነክሳል። በስፔን የአፋኒየስ ወገን የሆነውን የአገሬውን ዓሣ ከመኖሪያው ገፍቶታል። አንድ ጀሪካን ጋምቡዚያ አፍዴራ ላይ ቢደፋና የሐይቁ ዓሣ ቢያልቅ ዘር የሚመጣበት ሌላ ሐይቅ የለም።

አሁን ወደ እኛ ከተማ። «ደቻቱ ላይ ይለቀቅ» ተብሎ ተጽፏል። ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ነው፤ ውኃ ሲመጣበት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ያሳየውን አገር ሁሉ ያውቃል። ዓሣ የት ይቀመጥ?

«በርሜል ውስጥ» የሚለውም ከቤታችን አሠራር ጋር አይገጥምም። ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው ቤተሰብ በርሜሉን እስከ ታች ይጨልፋል፣ በበረኪና ያጥባል፣ በአዲስ ውኃ ይሞላል። ክሎሪን ያለበት ውኃ ክፍት ሆኖ ቢያንስ አንድ ቀን ሳያድር ዓሣ ቢገባበት ይሞታል። አዲስ የሲሚንቶ ገንዳም ተሞልቶ ተደጋግሞ ካልተደፋ ኖራው ይገድለዋል። በፀሐይ የጋለ ጎዶሎ በርሜል ደግሞ አየር ያጥረዋል። ዓሣ የሚያዋጣው ውኃው ለወራት በማይደፋበት፣ ጥላ ባለው ትልቅ ገንዳ ነው፤ ለመጠጥ በማይውል ውኃ፣ ያውም በባለሙያ ቁጥጥር።

እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆና የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ናት። በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ነው። የምትራባው በአብዛኛው በሰው ሠራሽ የውኃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ መፍትሔው እዚያው በርሜሉ ላይ አለ። የሮቶው ክዳን ቀዳዳ እንዳይኖረው፣ የአየር ማስገቢያው በወንፊት ይሸፈን። በርሜልን በየሳምንቱ መድፋት ያስፈልጋል፤ በሙቀት ጊዜ እጩ ወደ ትንኝነት ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። መድፋት ብቻውንም አይበቃም። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው የኤደስ ትንኝ እንቁላሏን ከውኃው መስመር በላይ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ ደርቆ ለወራት ይቆይና ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ። ደንጊ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተማችንን ሲያምስ የተማርነው ነው። የግንባታ ቦታ ጉድጓዶች ሥራው ሲያልቅ ይደፈኑ። ከእነዚህ አንዱም ዘገባችሁ ውስጥ የለም፤ ከዚህ አንድ የቤት እመቤት ወይም አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብትጠይቁ ኖሮ ታገኙት ነበር። እኛ የታመምነው ሰዎች ግን የምንጠየቅ ሳንሆን ዓሣ የሚሞከርብን ነን።

ፎቶውን ዛሬውኑ አንሡት። እርማቱንም ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አትሙት፤ «ይለቀቅ» የሚለውን ምክር መሻራችሁንም በግልጽ ጻፉ።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ