ጳውሎስና ያዕቆብ አልተጣሉም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ የምትልክበት ሰው እየፈለገች ነው።

በስልክ ያነሳሽው ነገር በችኮላ የሚመለስ ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ። የዶርም ጓደኛሽ «መዳን በእምነት ብቻ ነው፣ ጾምና ስግደቱ ከንቱ ድካም ነው» አለችሽ። አንቺ «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራም ይጸድቃል» የሚለውን ያዕቆብ 2፥24ን ጠቀስሽ። እሷ «ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት ይጸድቃል» የሚለውን የጳውሎስን ቃል፣ ሮሜ 3፥28ን። ከዚያ ተኳረፋችሁ። ጥቅስ መወራወር መቼም እዚህ አገር አዲስ አይደለም።

እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ጳውሎስ ለማን ነበር የሚመልሰው? ከአሕዛብ ያመኑትን «ካልተገረዛችሁ ልትድኑ አትችሉም» ለሚሉ ሰዎች ነው። ያዕቆብ ፊት የቆመው ሌላ ሰው ነው። የተራበና የታረዘ ወንድሙን «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝ። በኢየሩሳሌሙ ጉባኤ ደግሞ፣ ሐዋርያት ሥራ 15ን እዪው፣ «አሕዛብን አናስቸግራቸው» ብሎ የፈረደው ያው ያዕቆብ ነው። ታዲያ የት ላይ ተጣሉ?

ሁለቱም የሚጠሩት ምስክር አብርሃምን ነው። ሁለቱም ዘፍጥረት 15፥6ን ይጠቅሳሉ፤ አብርሃም አመነ፣ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ጳውሎስ የሚያተኩረው ጊዜው ላይ ነው። ያኔ አብርሃም ገና አልተገረዘም፤ የተገረዘው በ99 ዓመቱ፣ ከእስማኤልም መወለድ 13 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ጽድቁ የግርዛት ዋጋ ሊሆን አይችልም። ያዕቆብ ደግሞ ወደ ዘፍጥረት 22 ይሻገራል። ያ እምነት ከብዙ ዓመት በኋላ ይስሐቅን ይዞ ተራራ ወጣ። አንዱ የእምነቱን መጀመሪያ ያያል፣ ሌላው የደረሰበትን። «አጋንንት ደግሞ ያምናሉ» የሚለው ያዕቆብ እኮ እምነትን እየናቀ አይደለም፤ አፍ ላይ ስለቀረው እምነት ነው የሚናገረው።

ኤፌሶን 2፥8ን ስትጠቅስልሽ እስከ 10 አንብቡት በያት። ጸጋው ስጦታ ነው፣ ከእኛ አይደለም። እሺ። ወዲያው ግን «መልካሙን ሥራ ለማድረግ» ተፈጠርን ይላል። ብዙ ሰው ቁጥር 9 ላይ ይቆማል።

«የአያቴ ጾም ከንቱ ነው ወይ?» ላልሽው፣ አያትሽ ሰማይን በጾም እገዛለሁ ብለው አያውቁም። ቀን ከሌት ከአፋቸው የማይለየው «እግዚኦ መሐረነ» ነው። ደመወዙን የሚጠብቅ ሠራተኛ «ማረኝ» አይልም፤ «ክፈለኝ» ነው የሚለው። ግን በእኛም ቤት ያለውን በሽታ አትሸፍኚ። ሰባቱን አጽዋማት እየቆጠረ ከጎረቤቱ ጋር ሰላምታ ያቆመ ሞልቷል። ኢሳይያስ 58 ለእሱ ነው የተጻፈው።

ፈያታዊ ዘየማንንም፣ ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ፣ ማንሳቷ አይቀርም። እውነቷን ነው፣ እሱ ምን ጾመ? ሆኖም በቀረችው ጥቂት ጊዜ ጓደኛውን ገሠጸ፣ ጥፋቱን አመነ፣ «አስበኝ» አለ። ሌላ ለመሥራት እጁም እግሩም ተቸንክሯል።

የመካነ ኢየሱስ ልጅ ናት አይደል ያልሽኝ? የእነሱ ቤተ ክርስቲያን የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ናት። ፌዴሬሽኑና ካቶሊኮች በ1999 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ አውግስቡርግ ላይ በዚሁ ጉዳይ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። የምንቀበለው ስለ ሥራችን ሳይሆን በጸጋ ነው፣ ጸጋውም ለመልካም ሥራ ያነሳሳናል ብለዋል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ፈራሚ አይደለችም፤ ልዩነታችንም በዚህ አላለቀም። ግን «ሥራ ከንቱ ነው» የሚለው የራሷም ቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዳልሆነ ብታውቅ ጥሩ ነው። ቀስ ብለሽ፣ ሳትስቂባት ንገሪያት። አብራችሁ ነው የምታድሩት።

ጨጓራሽ እያመመሽ ከሆነ ስለ ጾሙ የነፍስ አባትሽን አማክሪ፤ በራስሽ አትወስኚ። እሁድ እደውላለሁ። እስከዚያ የያዕቆብን መልእክት ከመጀመሪያው አንብቢው፣ አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው። ሮሜን እንኳ ከፈተና በኋላ ታነቢዋለሽ።

አባትሽ