ያቺን ፎቶ ቀደድካት?

ናሽቪል፣ የካቲት 2006 ዓ.ም.

ቀጮ፣

«ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብዬ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ ያስጻፉንን ደብዳቤ እንዳለ ልገለብጥልህ ነበር። «በጣም ደህና» ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።

ይቅርታ። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ስልክህን አላነሳሁም። ካርድ አለቀብኝ እንዳልልህ አሜሪካ ነኝ። የእቴቴን ቀብር ነገር እንዳትነግረኝ ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በኔ ፋንታ እናቴን አፈር ያለበስካት አንተ፣ ድንኳን ያስተከልከው አንተ፣ ለአርባዋ የሮጥከው አንተ። እኔ ወረቀቴ አላለቀም ብዬ እዚህ ቁጭ። በቃ፣ እሱን በአካል ስንገናኝ ትሰድበኛለህ። አሁን የጻፍኩልህ አንድ ነገር ፈልጌ ነው። አትሳቅ፣ መቼስ ሳልፈልግ ጽፌልህ አላውቅም።

ነገሩን ያመጣው አንድ ሲዲ ነው። ጋይ ክላርክ የሚባል ሽማግሌ ዘፋኝ አለ። የቴክሳስ ሰው ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ እዚህ ናሽቪል ነው የሚኖረው። ምድር ቤቱ ውስጥ በገዛ እጁ ጊታር ይሠራል፣ ግጥሙን በእርሳስ ይጽፋል። ከኤርፖርት ወደ ብሮድዌይ በታክሲዬ የማመላልሳቸው ቱሪስቶች፣ እነዚያ አዲስ የካውቦይ ባርኔጣ ገዝተው የሚንጎራደዱት፣ ስሙን ስጠራላቸው «ማን?» ይሉኛል። ዘፈኖቹን ግን ሰምተዋቸዋል፣ ሌሎች ናቸው የዘፈኑለት። ጆኒ ካሽ ዘፍኖለታል። ሪኪ ስካግስ እ.ኤ.አ. በ1982 የሱን ዘፈን ይዞ አንደኛ ወጥቷል። የዘፈኖቹ ባለቤት ግን ግራሚ የሚሉትን ትልቅ የሙዚቃ ሽልማት ያገኘው ገና ባለፈው ወር ነው፣ በ72 ዓመቱ። እሱንም በካንትሪ ሳይሆን በፎክ ዘርፍ! የራሴ አጎት የተበደለ ይመስል ሲበግነኝ ሰነበተ።

ዘፈን ከምልህ እንጉርጉሮ ብልህ ይሻላል። ድምፁ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል፣ እሱም ሊደብቀው አይሞክርም። ጩኸት የለ። አንድ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ያለፈበትን ያወራሃል፣ ጊታሩ ከሥሩ እንደ መሰንቆ እየተከተለው። አንተ ብትሆን «ይሄ ሰውዬ ሳንቲም የሚሰጠው አዝማሪ ነው እንዴ?» ትል ነበር። በል፣ ግን ዝም ብለህ ስማው።

የሲዲው ስም በኛ «ከፎቶዎችሽ ሁሉ የምወዳት» እንደማለት ነው። ሽፋኑ ላይ ሽማግሌው አንዲት ትንሽ የፖላሮይድ ፎቶ ወደ ካሜራው አድርጎ ይዟል። ፎቶዋ ላይ ሚስቱ ሱዛና አለች። እጆቿን አጣምራ፣ ፊቷ ጨልሞ። እሱና ጓደኛው ታውንስ ቫን ዛንት ቤት ውስጥ ጠጥተው ሰክረው ነበር። እሷ በቃኝ ብላ ልትሄድ ስትወጣ ነው የተነሳችው። የአርባ ዓመት ትዳር ነው፤ የሳቀችባቸው ስንት ፎቶዎች ይኖሩት ይሆናል። እሱ የመረጠው የተቆጣችውን ነው። «እዚህች ላይ ነው እሷን የምትመስለው» ነው ነገሩ።

ሴትዮዋን ደግሞ ሳናውቃት እናውቃታለን መሰለኝ። ሠዓሊም የግጥም ደራሲም ነበረች። ዶን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1987 የዘፈነላት አለ። ዶን ዊሊያምስን ረሳሁት እንዳትለኝ! ባትሪ እንዳይጨርስብን ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ እናጠነጥን የነበረው የማን ነው? የሷ ዘፈን እዚያ ካሴት ላይ ይኑር አይኑር ትዝ አይለኝም። ካሴቱን እህትህ ካልጣለችው እየው።

ሱዛና የሞተችው በኛ ሰኔ 20 ቀን 2004 ነው። እቴቴ ሐምሌ አቦ ዕለት። አሥራ አምስት ቀን። ይህን ሳሰላ መኪናውን ዳር አስይዤ ቆምኩ።

እንግዲህ የፈለግኩት ገብቶሃል። ያቺን ፎቶ ነው።

መነኻሪያው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የደሴ ብርድ። እቴቴ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ጫፉን በጣቶቿ ጨምድዳ፣ ፊቷን ከኔ አዙራ የአውቶቡሱን ጎማ ታያለች። መሄዴን ለአንተ ከወር በፊት፣ ለሷ በዋዜማው ነው የነገርኩት። «ለሱ ነግረኸው ለኔ?» ብላ ሌሊቱን ሙሉ አላናገረችኝም። ዳቦ ቆሎውን ግን ቆልታ መጣች። ለኔ አልሰጠችኝም፣ ላንተ ሰጠችህ፣ አንተ ለኔ እንድትሰጠኝ! ከመሃከላችን ያ ፌስታል ተንጠልጥሎ ሳለ ነው ሳታስበው አንዴ ቀጭ ያደረግካት።

ሦስት አሳጥበህ በሰው ላክህልኝ። ሁለቱን ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኳቸው። ያቺን ቀደድኳት። ያንተንም ቅደዳት አልኩህ። «እሺ» አልከኝ። አንተ ደግሞ እሺ ስትል እሺ ማለትህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወይም እንደዚያ እንዲሆን እየለመንኩ ነው።

እነዚያ ሁለቱ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አይመስሏትም። አንዷ ፎቶ ቤትህ የተነሳችው ናት፣ ከፕላስቲክ አበባው አጠገብ። ፈገግ በይ ስላልካት ፈገግ ብላለች። የጎረቤት እናት ትመስላለች።

ሌላም የምነግርህ አለ፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ሲዲው ላይ አንድ ዘፈን አለ፣ ሜክሲኮን አቋርጠው ሲመጡ መኪና ውስጥ ተቆልፎባቸው ስለቀሩ ሰዎች። ርዕሱ የደላላው ስም ነው፣ እነሱ «ኮዮት» ይሉታል። ያን ስሰማ ታናሽህ ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር ጽፎልኝ ነበር፣ በብራዚል በኩል ስንት ይፈጃል ብሎ። ከሳዑዲ የተመለሱት ልጆች ያወሩትን ሰምቶም አልተወም። ላንተ እንዳልነግር አስምሎኛል። ይኸው ነገርኩህ። እቴቴ መነኻሪያው ላይ የሆነችውን እኔና አንተ አይተናል። ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከኔ ስማ፣ ግን አትጩህበት። ተረጋግተህ ጠይቀው፣ ራሱ ይነግርሃል። ካልነገረህ ያኔ ስሜን ጥራ።

ፎቶዋን በቫይበር ላክልኝ፣ ቁጥሬ ያው ነው። ኦርጅናሏን ሰው ሲገኝ። ቀድደሃት ከሆነ ኔጌቲቩን ፈልግ፣ አንተ ቤት ምን ይጠፋል። የእጥበቱን እከፍላለሁ፣ የድሮውን ብድር አትቀላቅልብኝ።

ሲዲውን ለፋሲካ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስትደርስ ደንበኛ ካለህ አጥፋው።

ኔጌቲቩም ከሌለ አትጻፍልኝ። ደውል። ዛሬ አነሳለሁ።

ያንተው