መቀነትን በግድ እንዳታጎርሳት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ብርዱ ጉልበቴን ይነዝረኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትናንት እህትህ ደውላ ስለ እባብህ ስለ መቀነት ነገረችኝ። ከኅዳር ጀምሮ አንዳች አልበላችም አለችኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላው ወሬ ነው። አንድ ባለሱቅ የአፍ መክፈቻ ሸጦልህ፣ ቅዳሜ አይጡን በግድ ልትግታት አስበሃል አሉ። ልጄ፣ አፏን በግድ እንዳትከፍት። ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ድረስ መክፈቻውን መሳቢያ ውስጥ ክተተው።

ዘጠኝ ዓመትህ ላይ ጎረቤታችን ሰፈር ሲቀይር ሲሰጥህ ያደገች እባብ ነበረች። አንተ ዛሬ 31 ሞላህ። እባብ በታየበት ቤት ጸበል የማስረጭ ሴት እንደነበርኩ ታውቃለህ። ግን ወገቤ ላይ እንደማስረው መቀነት ተጠቅልላ ሳያት ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አንተ ትምህርት ቤት ስትውል ውኃዋን የምቀይረውም፣ አይጧን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ የማሟሟውም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የማታውቀውን አታውራ እንዳትለኝ።

የእሷ ዘር፣ ያ የምዕራብ አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ፣ በብርድ ወራት መጾም ልማዱ ነው። ጤነኛውም ወራት ሳይበላ ይቆያል። አንድ ዓመት ከገና እስከ ፋሲካ አልበላም ብላ ያለቀስከውን ረሳኸው? በ2020 በሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት ከ60 ዓመት በላይ የሆናት የእሷ ቢጤ እንቁላል ጣለች ብለህ ያነበብክልኝስ አንተ አይደለህም? ገና ሳትሞት አትቅበራት።

እርጅናን ግን ችላ በል አላልኩም። በጥቅምት 1,650 ግራም ነበረች፣ አሁን 1,520 ደርሳለች ብላኛለች እህትህ። ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ካጣች ያሰጋል። በእሷ ዕድሜ ግን እስከዚያም አትጠብቅ፤ የእባብ ሕክምና የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ፈልገህ በዚህ ሳምንት ውሰዳት። ድዷ ቀልቶ ወይም መግል ይዞ እንደሆነ፣ ስትተነፍስ ታፏጭ እንደሆነ፣ ኩላሊቷም ደክሞ እንደሆነ እሱ ይይ። አንተ አፏን እንዳትነካ።

ቤትህንም እይ። ብርዱ በሚጠናበት ሚኒያፖሊስ ነህ እንጂ ሜሪላንድ አይደለህም። የሳጥኗ ሞቃቱ ጫፍ በፋራናይት 90 አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ80 ዝቅ ያለ መሆን አለበት። በእጅህ ዳብሰህ ሞቋል አትበል፣ በቴርሞሜትር ለካው። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ነው። በርዷት ሳለ ብታስውጣት ምግቡ ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ይበሰብስባታል። ይህን ባለሱቁ ነግሮሃል?

ስለ አያትህ ያልነገርኩህ ነገር አለ። አምስት ዓመትህ ሳለ ለአባትህ ትቼህ ደሴ ሄጄ እንዳስታመምኳት ታውቃለህ። የመጨረሻውን ሳምንት ግን ለማንም አልተናገርኩም። ምግብ እምቢ አለች። አጥሚት አፈላሁ፣ የዶሮ መረቅ ሠራሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «በቃኝ ልጄ» ስትለኝ «በሞቴ!» አልኳት። እኔም በሞቴ እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ከጉርሻ ሌላ ፍቅር መግለጫ አላውቅም ነበር። ጥርሷን ስትገጥምብኝ በማንኪያው ጫፍ ፈለቀቅኩት። ትን አላት። ሌሊቱን ሙሉ ስትስል አደረች። በማግስቱ የመጣችው ነርስ በባትሪ ብታይ ምላሷና ጉሮሮዋ በቁስል ተሞልቷል። ያን ሁሉ ቀን አፍሽን ምን አመመሽ ብዬ አልጠየቅኳትም፣ አጎረስኳት እንጂ። በቀሩት አራት ቀናት ማንኪያ ባየች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍን ነበር። እናቴ እጄን እንደፈራች ሞተች።

አፏን በግድ እንዳትከፍት፣ ልጄ።

ሐኪሙ ደህና ናት ካለህ፣ ከለመደችው ያነሰ አይጥ አቅርብላት። በላስቲክ ከረጢት አድርገህ ለብ ባለ ውኃ አሙቀው፤ ከንፈሯ ዳር ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ሙቀቱን ካልለዩ ምግብ መሆኑን አታውቅም። ሲመሽ፣ መብራት አጥፍተህ ስጣት። ካልወሰደችው በማግስቱ አንሳውና ሳምንት ተዋት። በሕይወት ያለ አይጥ አብሯት እንዳታሳድር፣ ይነክሳታል። ዓይኗ እንደ ወተት ከደፈረሰ ቆዳዋን ልትቀይር ነውና ጨርሶ አታስቸግራት።

አባቴ፣ አንተስ ትበላለህ? እህትህ ከስቷል አለችኝ። በሞቴ አልልህም። ምን እንደሆንክ ግን ንገረኝ፤ ማታ በየትኛውም ሰዓት ደውል፣ አነሣለሁ።

ደግሞ ስትሄድ የመቀነትን ማሰሮ ጥለህባት ሄደሃል። አንገቱ የተሰበረውን፣ ገብታ የምትተኛበትን። የገዛህላት የፕላስቲክ ዋሻ ሰፊ ነው፤ እሷ ጎኗ ግድግዳ ካልነካ አያርፍላትም። ማሰሮውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ዛሬ በፖስታ ልኬልሃለሁ። የተሰበረውን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት አለስልሼዋለሁ፤ ቢሆንም ከመክተትህ በፊት ጣትህን ዙሪያውን አስኪድበት። ጋቢው ለአንተ ነው።

እናትህ